18 ቮልት እያሳየ ባትሪው የማይሞላው ለምንድን ነው?

አንድ አንባቢ ከባሕር ሞገድ መብራት ለማግኘት ሲታገል ቆይቶ ጻፈልኝ። 200 ሊትር የሚይዝ ባዶ የፕላስቲክ በርሜል ውሃው ላይ አንሳፏል። ገመዱን ጀልባ ማቆሚያው ምሰሶ ላይ ባለ ፑሊ አዙሮ፣ በሌላው ጫፍ ድንጋይ አንጠልጥሏል። ፑሊው የአሮጌ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር ያዞራል። «ቴስተሩ 18 ቮልት ያሳያል፤ የ12 ቮልት ባትሪዬ ግን ሌሊቱን ሙሉ አድሮም አይሞላም። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን?» ይላል።

አልተቃጠለም፣ ወንድሜ። የሸወደህ ቴስተሩ ነው።

18 ያየኸው ሞተሩ ምንም ጭነት ሳይኖርበት (ባትሪው ሳይያያዝበት)፣ ያውም በርሜሉ በጣም በፈጠነባት ቅጽበት ነው። በርሜሉ ይነሳል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ጫፍ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ቀጥ ሲል ቮልቱ ዜሮ ነው። ባትሪው ራሱ 12.6 አካባቢ አለው፤ የሬክቲፋየሩ (የሞተሩን ወዲያ ወዲህ የሚል ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ) ዳዮዶች ደግሞ 1.4 ያህል ይበላሉ። ስለዚህ ከ14 በታች ያለው ሁሉ ባትሪው በር ላይ ደርሶ ይቀራል። ከ14 በላይ የምትቆየው ከጉዞው ግማሽ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ጭነት ሲመጣ በርሜሉ ይዘገያል፣ ያቺም ታጥራለች። ማረጋገጥ ከፈለግህ መርፌ ያለው አምፔር መለኪያ ከባትሪው ጋር በተከታታይ አስገባ። መርፌው ብድግ ብሎ ወዲያው ሲወድቅ ታየዋለህ።

ዋናው ስህተት ግን በርሜሉ ባዶ መሆኑ ነው። ሞገዱ ሲወርድ ገመዱን የሚጎትተው የበርሜሉ ክብደት ብቻ ነው። 10 ኪሎ ፕላስቲክ ምን ይጎትታል? ውስጡ 100 ኪሎ ያህል አሸዋ ጨምር፤ 200 ሊትር በርሜል ስለሆነ አይሰምጥም። ውሃ አትሙላበት፣ እየተንቦጫረቀ ያወዛውዘዋል። ድንጋዩን ደግሞ የበርሜሉን ጠቅላላ ክብደት ግማሽ አድርገው፤ ያኔ ሲወጣም ሲወርድም እኩል ይጎትታል። ድንጋዩ ሥር ማንም እንዳይቆም አጥር አድርግለት።

ጉልበቱ ከተገኘ በኋላ ፑሊውን አሳንስ። ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ 18 የነበረውም 36 ይጠጋል። ያኔ ቻርጅ ኮንትሮለር (ወደ ባትሪው የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚመጥን ዕቃ) ግድ ነው፤ ትልቅ ሞገድ ሲመጣ ከ36 በላይ ስለሚዘል፣ መግቢያው ቢያንስ 60 ቮልት የሚችል ምረጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ፈትሽ። ሞተሩን ከሬክቲፋየሩ ነቅለህ ሦስቱን ሽቦዎች አንድ ላይ አገናኝና በእጅህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አዙረው። በሁለቱም በኩል ከከበደ ጥሩ ነው። በአንዱ በኩል ዝም ብሎ ከዞረልህ ውስጡ ፍሪዊል (በአንድ በኩል ብቻ የሚይዝ፣ በሌላው የሚለቅ ማርሽ) አለው፤ ግማሹ ጉዞህ በከንቱ ይሄዳል። ያለ ጊር የሆነውን ፈልግ።

ዙሩ እንዳይቆራረጥ ፍላይዊል (ጉልበት የሚያጠራቅም ከባድ ጎማ) ግጠም የሚሉህን አትስማ። በደቂቃ 100 ዙር በሚሽከረከር ዘንግ ላይ 20 ኪሎ ብረት የሚያጠራቅመው ጉልበት አንድ ሰከንድም አያቆይህም። የወዲያ ወዲህ ጣጣው የትልልቆቹም ራስ ምታት ነው። ስፔን ውስጥ ሙትሪኩ ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የሞገድ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የተገነባው በ16 ተርባይኖች ነው። ሞገዱ አየሩን ሲገፋም ሲስብም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞሩ ናቸው። ያንተን ግን ሬክቲፋየሩ ይፈታዋል።

ማዕበል ሲነሳ በርሜሉን አውጣው። የሞገዱ ከፍታ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ላትደርስ ትችላለህና ገመዱ መሃል ላይ ሆን ብለህ ቀጭን ገመድ ቀጥልበት። ሲበጠስ በርሜሉ እንዳይጠፋ፣ በሌላ ረጅምና ልል ገመድ ከመልሕቅ ጋር እሰረው።