መልስ፦ የአዳማ የማለዳ ጭስ ከከባድ መኪና ነው ወይስ ከማገዶ?

ሰላም ወንድሜ። «ማለዳ አዳማ ላይ የሚያፍነን ጭስ ከጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች ነው ወይስ ከየቤቱ ማገዶ? በላብራቶሪ ይለያል?» ብለሃል። ይለያል፤ ግን የማጣሪያውን ጥቁረት አይቶ አይደለም፤ ሁለቱም ያጠቁራሉ።

አየሩ በፓምፕ እየተሳበ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ብናኝ ኳርትዝ ማጣሪያ ላይ ይያዛል። ከዚያ በኬሚካል ታጥቦ በጋዝ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ውህዶችን ነጣጥለው ማንነታቸውን በሚለዩ ዘዴዎች) ይመረመራል። የሚፈለገው የየምንጩ አሻራ ነው። ሌቮግሉኮሳን የሚባለው ውህድ የሚፈጠረው የእንጨት ሴሉሎስ ሲቃጠል ነው፤ ናፍጣ አይሰጥህም። ሆፔን የሚባሉት ውህዶች ደግሞ በሞተር ዘይት ውስጥ ስላሉ የመኪና አሻራ ናቸው። ኮሌስትሮል ከተገኘ ሥጋ የሚጠብስ አለ ማለት ነው (ቀልድ አይደለም)።

የሚያታልለው ከሰል ነው። ሴሉሎሱ እንጨቱ ሲከስል አስቀድሞ ስለፈረሰ፣ ማንደጃ ላይ ሲነድ የሚወጣው ሌቮግሉኮሳን ትንሽ ነው። በእሱ ብቻ ከተመካህ፣ ቡና በከሰል በሚፈላበት ሰፈር የማገዶን ድርሻ ታሳንሳለህ። እዚህ ጋ ካርቦን 14 (ዕፅዋት ከአየር የሚወስዱት፣ በጊዜ ብዛት እየፈረሰ የሚጠፋ የካርቦን ዓይነት) ይረዳል፦ ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ሚሊዮኖች ዓመታት ካስቆጠረው የነዳጅ ዘይት ውስጥ ጨርሶ ጠፍቷል፤ በባሕር ዛፍ ከሰል ውስጥ ግን አለ። ምርመራው ውድ ነው እንጂ።

ናሙና የምትወስድ ከሆነ አንዱን ዋናው መንገድ ዳር፣ ሌላውን ራቅ ካለ ሰፈር፣ የማለዳውንና የቀትሩን ለየብቻ ውሰድ። ማጣሪያውን በፎይል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ። ፌስታል አይሆንም፤ የራሱን ኬሚካል ይጨምርበታል።