ስዊት የተባለ ሁሉ በር አይከፍትም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ውጭ ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን ክሩዝ በሚሉት የሽርሽር መርከብ መጋበዝ ከጀመሩ ወዲህ ከድሬዳዋና ከሐረር የሚደርሰን ደብዳቤ በርክቷል። አብዛኛው ስለ ክፍል አመራረጥ ነው፤ በዚህ እትም አምስቱን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአሜሪካ ሆኖ ለእኔና ለአባቱ የካሪቢያን ጉዞ ቆርጦልናል። የላከልን ወረቀት ላይ «ጁኒየር ስዊት» ይላል። የጎረቤቴ ልጅ፣ ስዊት የያዙ ሰዎች የራሳቸው ምግብ ቤትና ማረፊያ አላቸው አለችኝ። እኛም እንገባለን ማለት ነው? ሁለቱ የልጅ ልጆቼ የሚያድሩት ከእኛ ፊት ለፊት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ነው። እነሱንስ ይዘን መግባት እንችላለን? (አንዲት እናት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ እናታችን፣ መጀመሪያ ልጅዎ የኩባንያውንና የመርከቡን ስም ይንገርዎት። «ስዊት» ኩባንያው ሰፋ ላሉ ክፍሎቹ ያወጣው ስም ነው፤ ከስሙ ጋር ምን መብት እንደሚመጣ ግን እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መንገድ ይወስናል።

ጁኒየር ስዊት የሚለው ስም በብዛት የሚገኘው ሮያል ካሪቢያን ዘንድ ነው። ይህ ኩባንያ በትልልቅ መርከቦቹ ላይ ስዊቶቹን በሦስት ደረጃ ይከፍላቸዋል፦ ሲ፣ ስካይ እና ስታር። ጁኒየር ስዊት ያለው ከታች፣ ሲ ላይ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ኮስታል ኪችን በሚባለው የስዊት ምግብ ቤት እራት ይበላል፤ ቁርስና ምሳ ግን ከሌላው ተሳፋሪ ጋር ነው። የስዊት ማረፊያው (ላውንጁ)ም፣ የተከለለው የፀሐይ መሞቂያ ደርብም ለስካይና ለስታር ነው፤ ይኸውም ከግራንድ ስዊት ጀምሮ ወደ ላይ ላሉት። ስለዚህ የጎረቤትዎ ልጅ የነገረችዎት እውነት ነው፤ ግን መርከባችሁ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ለእርስዎ የሚሠራው የእራቱ ብቻ ነው።

ኖርዌጂያን የሚባለው ኩባንያ ላይ ደግሞ ስሙ ይበልጥ ያሳስታል። ቀድሞ ሚኒ ስዊት ይባል የነበረው ክፍል አሁን «ክለብ ባልኮኒ ስዊት» ተብሏል። ሰፋ ያለ ባለ በረንዳ ክፍል ነው፤ ሄቨን ወደተባለው የተከለለ ቦታ ግን አያስገባም። ለዚያ፣ ማረጋገጫው ላይ «ሄቨን» የሚለው ቃል ራሱ መጻፍ አለበት። ሰለብሪቲ የሚባለው ኩባንያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ትንሹ ስዊት፣ ስካይ ስዊት የሚሉት፣ ሪትሪት ወደሚባለው የስዊት ክልልና ሉሚኔ ወደተባለው ምግብ ቤት ያስገባል። ኮንሲየርጅ ክላስና አኳ ክላስ የሚባሉት ግን ስማቸው ቢያምርም ባለ በረንዳ ክፍሎች ናቸው፤ አያስገቡም። አኳ ክላስ ብሉ የሚባል የራሱ ምግብ ቤት አለው።

የልጅ ልጆችዎን በተመለከተ መልሱ አይቻልም ነው። በሩን የሚከፍተው በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ስም የተሠራው ካርድ ሲሆን፣ ካርዱ የሚያውቀው ባለቤቱ የተመዘገበበትን ክፍል ነው። አያትና የልጅ ልጅ መሆናችሁን በሩ አያይም። ያለው መፍትሔ ጉዞው ሳይደርስ ልጆቹን በእናንተው ክፍል ሦስተኛና አራተኛ ተሳፋሪ አድርጎ ማስመዝገብ ነው፤ ሶፋው ወደ አልጋ የሚለወጥ ከሆነ። የሦስተኛና የአራተኛ ሰው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ይቀንሳል። አልጋው እያለ «ቦታ የለም» ከተባለ ልጅዎ አይገረም፦ ለእያንዳንዱ የመርከቡ አካባቢ የተመደቡት የነፍስ አድን ጀልባዎች የሚይዙት ሰው የተወሰነ ነው፤ ቁጥሩ ከሞላ በዚያ አካባቢ ተጨማሪ ሰው አይመዘገብም። ቶሎ ማስመዝገብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጉዞው ጾም ላይ የሚውል ከሆነ ልጅዎ ምግቡን «ቪጋን» ብሎ አስቀድሞ ያስመዝግብ። «ቬጀቴሪያን» ካለ አይብና እንቁላል ይቀርብልዎታል።

ጥያቄ፦ ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ደንገጎን በሚኒባስ ስወጣ ግን ያቅለሸልሸኛል፤ ፊት ወንበር ካላገኘሁ አልሳፈርም። መርከብ ላይስ የትኛውን ክፍል ብይዝ ይሻለኛል? ጩኸት ያለበት ክፍል አለም ይባላል። (ጡረተኛ፣ ከከዚራ)

መልስ፦ አባታችን፣ ደንገጎ ላይ የፊት ወንበር የሚረዳዎት መንገዱን ስለሚያዩ ነው፤ ዓይን የሚያየውና የውስጠኛው ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴ ሲገጥም ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። መርከብ ላይ ግን ፊት ከያዙ ይጎዳሉ። ልጆች አንድ ረጅም ሳንቃ መሃሉን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ ዳርና ዳር ተቀምጠው ሲጫወቱ አይተዋል። ጫፎቹ ሲነሱና ሲወድቁ መሃሉ እምብዛም ንቅንቅ አይልም። መርከብም ማዕበል ሲመታው እንደዚያ ነው። ከጎንና ከጎኑ የሚዘረጉት ክንፎች፣ ስታቢላይዘር የሚባሉት፣ ግራና ቀኝ መዋለሉን ይቀንሱታል፤ የፊትና የኋላውን መነሳትና መውደቅ ግን አያስቀሩትም። ወደ ላይኛው ደርብ በወጡ ቁጥር ደግሞ የግራና ቀኙ ውልዋል ይሰፋል።

ስለዚህ መሃል፣ ታችኛው ደርብ፣ መስኮት ያለው ክፍል ይያዙ። መስኮቱ የሚያስፈልገው ሲያቅለሸልሽዎ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ትኩር ብለው እንዲያዩ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ክፍል ላይኛው ደርብ ላይ ካለ ባለ በረንዳ ክፍል በዋጋ ይረክሳል። መስኮት የሌለው ክፍል ከዚህም ይረክሳል፤ ግን ቀን ከሌሊት አይለይበትም፤ መብራት ሲጠፋ የራስዎን እጅ አያዩም። እሱን ከያዙ ትንሽ የባትሪ መብራት ይያዙ።

ጩኸቱን ከመሳፈርዎ በፊት ወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። ኩባንያው ድረ ገጹ ላይ የእያንዳንዱን መርከብ የደርብ ካርታ ያወጣል። የክፍሉ ቁጥር በደርቡ ቁጥር ይጀምራል፤ 8ኛ ደርብ ላይ ያለ ክፍል በ8 ማለት ነው። ክፍሉን ካገኙ በኋላ ያው ቦታ ላይ ጣትዎን እንዳደረጉ ከላይ ያለውን ደርብ፣ ቀጥሎ ከታች ያለውን ይመልከቱ። ከላይም ከታችም ሌላ መኝታ ክፍል ከሆነ ጥሩ ነው። ከላይ የመዋኛ ገንዳው ካለ ገና ሳይነጋ ሠራተኞች የፀሐይ መሞቂያ ወንበሮቹን ሲጎትቱ ጣራዎ ላይ ይሰማዎታል። ከታች ቲያትር ወይም የጭፈራ ቤት ካለ ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ነው። ካርታው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ቦታ ካዩ ይጠርጥሩ፤ ብዙውን ጊዜ ማድ ቤት ወይም የሠራተኞች መተላለፊያ ነው፤ ጋሪ ሲገፋ ያድራል።

ወደ ፊት ጫፍ ያለ የታችኛው ደርብ ክፍል ውስጥ መርከቡ መልሕቅ ሲጥል ሰንሰለቱ ይሰማል። በጣም ወደ ኋላ ያለው የሞተር ንዝረት አለበት። ሁለት ክፍሎችን የሚያገናኝ በር በካርታው ላይ ምልክት አለው፤ የጎረቤት ንግግር የሚያልፈው በዚያ በር ስለሆነ ቤተሰብ ካልሆናችሁ አይያዙት። ሰው ሁሉ የሚፈራው የአሳንሰር አጠገብ ክፍል ግን እንደሚወራው አያስቸግርም፤ ለጉልበትም ይመረጣል። መስኮቱ «የተጋረደ እይታ» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ የነፍስ አድን ጀልባ ተሰቅሏል ማለት ነው፤ ባሕሩን ለማየት ብለው ለሚይዙ ለእርስዎ አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ጋራንቲ» የሚባለው ርካሽ ቲኬት ላይ የክፍሉን ዓይነት እንጂ ቁጥሩን አይመርጡም፤ ቁጥሩን የሚሰጠው ኩባንያው ነው። ለማይታመም ሰው ጥሩ ቅናሽ ነው። ለእርስዎ ግን አንመክርም።

ጥያቄ፦ እህቴ ዱባይ ትሠራለች። በኤምኤስሲ መርከብ የ7 ሌሊት ጉዞ ልትጋብዘኝ አስባ «ያት ክለብ» የሚባል አለ አለችኝ፤ ዋጋው ግን የባለ በረንዳው ክፍል ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ያዋጣል? (ከጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ ጊድር ጋር (የሐረሪ ቤት ሳሎን) ገብቶ አሚር ነደባ (የክብር መደቡ) ላይ ማን እንደሚቀመጥ የሚያውቅ የሐረር ልጅ ያት ክለብን ለመረዳት አይቸገርም። መርከብ ውስጥ ያለ ሌላ ትንሽ መርከብ ነው፦ ወደ ፊት በኩል የተከለለ፣ በካርድ የሚከፈት፣ የራሱ ላውንጅ፣ ምግብ ቤት፣ ገንዳና የፀሐይ መሞቂያ ያለው፣ ቀን ከሌሊት አገልጋይ የተመደበለት። መጠጥ፣ ኢንተርኔትና የስፓው የእንፋሎት ክፍል በዋጋው ውስጥ ናቸው። ኤምኤስሲ ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 በፋንታዚያ መርከብ ነው። ሁሉም መርከቦቹ ላይ ግን የለም፤ ለምሳሌ ኦፔራ ላይ አያገኙትም።

ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው። ባለ በረንዳው ለአንድ ሰው 900 ዶላር፣ ያት ክለብ 2,200 ቢሆን ልዩነቱ 1,300 ነው። በባለ በረንዳው ክፍል ሆነው የመጠጥ ጥቅል በቀን 50 ዶላር ቢገዙ ለ7 ቀን 350፤ ኢንተርኔት 100፤ የእንፋሎት ክፍል 150፤ ድምሩ 600። የቀረው 700 ዶላር ለጸጥታው፣ ለአገልጋዩና ሰው ላልበዛበት ገንዳ የሚከፈል ነው። አልኮል የማይጠጡ ከሆነ ደግሞ ከ350ው አብዛኛው ይወጣል፤ ለስላሳና ቡና 150 ቢፈጅ ድምሩ 400 ይሆንና የገንዳውና የአገልጋዩ ዋጋ 900 ይደርሳል። እህትዎ የራሷን ቁጥር በዚህ መንገድ ታስገባው።

የኛን ግምት ከጠየቁን፣ ከዱባይ ለሚነሣው የባሕረ ሰላጤው ጉዞ አያዋጣም። የዚያ አካባቢ መርከብ በየቀኑ ማለት ይቻላል ወደብ ላይ ይቆማል፤ ሰውም ከተማ ለማየት ይወጣል፤ የተከፈለበት ገንዳ ባዶውን ይውላል። ባሕር ላይ ሦስት አራት ቀን የሚዋልበት ጉዞ ቢሆን መልሳችን ይለወጥ ነበር። በአንዳንድ አዳዲስ መርከቦች ላይ መስኮት የሌለው የያት ክለብ ክፍል አለ፤ መግቢያውን በርካሽ የሚገዛ፣ ለመኝታ ብቻ ወደ ክፍሉ የሚመለስ ሰው ይወደዋል። «አውሬያ» የሚባለውን ግን ከያት ክለብ ጋር አያምታቱ፤ የስፓ ጥቅም አለው እንጂ ያንን በር አይከፍትም።

ቪዛውንም አይርሱ። ከዱባይ ተነስቶ ዶሃ ቆሞ ዱባይ የሚመለስ መርከብ ከአገር ወጥቶ እንደገና መግባት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ መልሶ ላያስገባዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ከከፈልን በኋላ «ለተሻለ ክፍል ዋጋ ያቅርቡ» የሚል ኢሜይል መጣ። 200 ዶላር ብናቀርብ? (ባልና ሚስት፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከመላካችሁ በፊት ዋጋው በሰው ይሁን በክፍል አንብቡ። ሮያል ካሪቢያንን ጨምሮ በብዙዎቹ ዘንድ በሰው ነው፤ 200 ያላችሁት 400 ሆኖ ከካርዳችሁ ይቆረጣል። ጨረታውን ካሸነፋችሁ የአዲሱን ክፍል ደረጃ መብት ታገኛላችሁ፤ ቦታውን ግን አትመርጡም፤ ተቀባይነት ካገኘም በኋላ መመለስ የለም። መሃል ላይ መርጣችሁት የነበረው ክፍል ወደ ፊት ጫፍ ሊለወጥ ይችላል። ከእናንተ አንዱ ማዕበል የሚያመው ከሆነ ተዉት።

ጥያቄ፦ ጀበናዬን፣ ትንሽ ምድጃና እጣን ይዤ ለልጆቼ መርከቡ ላይ ቡና ላፈላላቸው አስቤያለሁ። ይፈቀዳል? (ከገንደቆሬ)

መልስ፦ ጀበናው ሸክላ ስለሆነ ማንም አይከለክልዎትም፤ የሚያፈሉበት ግን አያገኙም። በኤሌክትሪክም በከሰልም የሚሠራ ምድጃ፣ ማፍያ፣ የልብስ ካውያ፣ ሻማና እጣን የተከለከሉ ናቸው፤ መርከብ ላይ ከሁሉ በላይ የሚፈራው እሳት ነው። ሻንጣው በመፈተሻ መሣሪያ ሲያልፍ ይያዝና የሚመለሰው ጉዞው ሲያልቅ ነው። ቡናውን ተቆልቶና ተፈጭቶ በታሸገ ይውሰዱ፤ የፈላ ውኃ ከቡፌው ይገኛል።

ከዚሁ ሰፈር ሌሎችም ስለጠየቁን፦ ጫት በአረብ ኤምሬትስ፣ በሳዑዲ፣ በአሜሪካና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በብሪታንያ በወንጀል ያስጠይቃል። ደርቆ የተፈጨውም፣ ሻንጣ ጥግ የተረሳች አንዲት ቅጠልም ያው ናት። ሻንጣውን ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ከነበረ ኪሶቹን ገልብጠው አራግፈው ያሽጉት።