ሶላር ብቻ ይዘህ አትውጣ

መብራት በሌለበት ቦታ ለ10 ቀን ካሜራዬን በትንሽ ሶላር ብቻ ማቆየት እችላለሁ ወይ ብለሃል። አትችልም። ሶላር ደጋፊ ነው እንጂ ዋና አይሆንም።

ሦስት አራት ትርፍ ባትሪ፣ አንድ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ የባትሪ ቻርጀር ያዝ። ፓወር ባንኩ 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። ሲያስተላልፍ ሲሶው ይባክናል ብለህ አስብ። የካሜራህ ባትሪ 16 ዋት-ሰዓት ከሆነ ሦስት ጊዜ ይሞላልሃል ማለት ነው። በአውሮፕላን ከሄድክ ሁሉንም በእጅ ሻንጣ አድርገው።

ሶላሩንም ልውሰድ ካልክ ካሜራውን በቀጥታ አትሰካበት፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ይቋረጣል።

1. ቀን ሶላሩ ፓወር ባንኩን ይሙላ። ፓወር ባንኩን ግን ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፣ ፀሐይ ይጎዳዋል።
2. ማታ ከፓወር ባንኩ ባትሪዎቹን ሙላ።

ካሜራውን ስታበራ ዋይፋይና ብሉቱዙን አጥፋ። ያነሳኸውን ፎቶ ደጋግመህ አትይ (ይህን እኔም አልቻልኩበትም)።

ብርድ ካለ ደግሞ ተጠንቀቅ። አንዴ ተራራ ላይ ባትሪዎቼን ቦርሳ ውስጥ ትቼ አደርኩ። ንጋት ላይ ማታ ሙሉ የነበረው ባትሪ ቀይ አሳየኝ። ካሜራው እጄ ላይ ጠፋ፣ ፀሐይዋን በዓይኔ ብቻ አየኋት። ብብቴ ሥር ትንሽ ሳሞቀው ግን ነፍስ ዘራ። አሁን ባትሪዎቼ የሚያድሩት ከእኔ ጋር መኝታ ከረጢት ውስጥ ነው። ጎን ይቆረቁራሉ፣ ምን ይደረግ።