ጥር ላይ ለምታገቢውና ስለ ቡድዋር ፎቶ ለጠየቅሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። "ጥር ላይ ሰርጌ ነው። ለእጮኛዬ ስጦታ የቡድዋር ፎቶ መነሳት አስቤ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ አንድ ስቱዲዮ አግኝቻለሁ። ምን ልጠብቅ?" ያልሽውን ትናንት ማታ ልጄን አስተኝቼ አነበብኩት። ለማያውቅ ሰው፣ ቡድዋር ማለት ሴት በውስጥ ልብስ ወይም በከፊል ተራቁታ የምትነሳው የግል ፎቶ ነው። ከስር የተጻፈልሽንም አየሁ። ግማሹ "ነውር ነው" ይላል፣ ግማሹ "ያምርብሻል፣ ሂጂ" ይላል። አንቺ የጠየቅሽው ግን ይሄን አይደለም። እኔ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ። የመጀመሪያው ለሰርጌ ነበር፣ ልክ እንዳንቺ። እንቅልፍ ነስቶኛል። ሁለተኛውን ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ውሉን ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት፣ እቤትሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ብትረሺ ይቺን አትርሺ። እኔ እንዲህ ነው የሆንኩት። እንደ ፈረንጆቹ በ2019፣ ሰርጌ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ኢንስታግራም ላይ "ከነሜካፑ 199 ዶላር" የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ርካሽ ነው ብዬ ወዲያው ከፈልኩ። በቀኑ ስሄድ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሜካፕ የምትሠራኝ ልጅ አርቴፊሻል ሽፋሽፍት እየለጠፈችልኝ ነው። ሙጫው እስኪደርቅ አንድ ዐይኔን ጨፍኛለሁ። በዚያች ሰዓት ሌላዋ አይፓድ ይዛ መጣችና "እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እዚህም" አለችኝ። "ምንድነው?" አልኳት። "ሁሉም ሰው የሚፈርመው ነው" አለችኝ። ደግሞ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ካደረግሽ 100 ዶላር ይቀነስልሻል አለችኝ። አደረግኩ። በአንድ ዐይኔ እያየሁ፣ በጣቴ ፈረምኩ።

ፎቶው ራሱ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ያህል ታፍሪያለሽ፣ እጅሽን የት እንደምታደርጊ ይጠፋሻል። ከዚያ ይለቅሻል። "አገጭሽን ወደ ፊት፣ ትንሽ ዝቅ። ጀርባሽን ቆልመም። የእግር ጣቶችሽን ዘርጊ። አፍሽን በትንሹ ክፈቺና ተንፍሺ" እያሉ ነው የሚመሩሽ። ፎቶው ላይ የተዝናናሽ የሚመስልበት አኳኋን ሁሉ ሲነሱት ያማል። በማግስቱ ቀን ሙሉ ሳር ሳጭድ የዋልኩ ነበር የመሰለኝ።

ከሳምንት በኋላ "ፎቶሽን መጥተሽ እዪ" ብለው ጠሩኝ። ትንሽ ክፍል ናት። ሶፋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሻምፓኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት። መብራቱን ቀነሱት፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከፈቱና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳዩኝ። አለቀስኩ። ራሴን እንደዚያ አይቼ አላውቅም ነበር። መብራቱ ሲበራ የዋጋ ዝርዝሩን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። 199ኙ ለመነሳቱ ብቻ ነው ለካ። አንድም ፎቶ የለበትም። አንዱ ዲጂታል ፎቶ 150 ዶላር። ሃያ ፎቶ ያለው አልበም 2,400 ዶላር። "ያልመረጥሻቸው ዛሬውኑ ይጠፋሉ" አለችኝ ሻጯ። በስድስት ወር ክፍያ አልበሙን ገዛሁ። የመጀመሪያውን ክፍያ ያወጣሁት ለእናቴ ቲኬት ካስቀመጥኩት ነው። እናቴ ሰርጌ ላይ የተገኘችው እህቴ ስለሞላችልኝ ነው። ይሄን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ይህን አሠራር ሁሉም አይከተለውም፣ ግን አሜሪካ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ሕገ ወጥም አይደለም፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍዪ በኢሜይል ጠይቂ። በስልክ ሳይሆን በኢሜይል፣ መልሱ በጽሑፍ እንዲኖርሽ። ሙሉ የዋጋ ዝርዝራችሁን ላኩልኝ። በዚህ ክፍያ ስንት ፎቶ ይሰጠኛል? በዲጂታል ነው በወረቀት? ያልመረጥኳቸው ምን ይሆናሉ? "ዋጋውን ስትመጪ እንነግርሻለን" ካሉሽ አትሂጂ። ከሄድሽም ከቤት ስትወጪ "ከዚህ በላይ አልከፍልም" የምትይውን ቁጥር ጽፈሽ ውጪ። እያለቀሱ ሒሳብ አይሠራም።

አሁን ወደ ሳጥኗ ልመለስ። ያቺ 100 ዶላር የተቀነሰልኝ ሳጥን ሞዴል ሪሊስ የሚሉት ነው። ፎቶሽን ለማስታወቂያ እንጠቀምበታለን፣ ፈቅደሻል ማለት ነው። ደግሞ እወቂ፣ በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ፎቶው የአንሺው ነው። ገላው ያንቺ ነው፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር የፎቶው ባለቤት ግን እሱ ነው። ባለቤት መሆን እንደፈለጉ ለማስታወቂያ ማዋል ማለት ግን አይደለም፣ ለዚያ ነው ያቺን ፊርማ የሚፈልጓት።

ሰርጌ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዳላስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመችም። "ይቺ የአያታችን መስቀል አይደለችም?" አለችኝና ፎቶ ላከችልኝ። ስቱዲዮው ገጹ ላይ ለጥፎኛል። ፊቴ አይታይም። ከአንገቴ ወደ ታች ነው፣ ጥቁር ዳንቴል ለብሼ። አንገቴ ላይ ግን ማተቤና የአያቴ የብር መስቀል አሉ። ያቺ መስቀል አንዱ ክንፏ ጫፉ ተሰብሯል፣ እንደሷ ያለች በዓለም ላይ የለችም። "ፊት ካልታየ ማንም አያውቀኝም" እንዳትዪ። ሰው በመስቀልሽ ያውቅሻል። በቀለበትሽ፣ በሄናሽ፣ ክንድሽ ላይ ባለችው ምልክት ያውቅሻል። ዲሲ ደግሞ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ።

ስልክ ደወልኩ። የእንግዳ መቀበያዋ "ፈርመሻል እኮ" ብላ ዘጋችብኝ። ኢሜይል ጻፍኩ። የላኩልኝ መልስ የፈረምኩበት ገጽ ነው፣ ያቺን መስመር በቢጫ ቀለም አስምረው። ፈቃዱን ለማንሳት 500 ዶላር እንደምከፍልም ጻፉ። ሁለተኛ ኢሜይል ጻፍኩ፣ ሦስተኛ ጻፍኩ። በአራተኛው የተቀነሰልኝን 100 ዶላር መልሼ ልክፈልና አንሱት አልኩ። በዘጠነኛው ቀን አነሱት። ይቅርታ የሚል ቃል የለም። በመልሴ ቀን አክስቶቼ ሲያዩኝ "ይቺም አይታው ይሆን?" እያልኩ ነው የዋልኩት። እኔ የሰራሁት ነውር የለም፣ ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው። ያንን ፎቶ ማን እንደሚያየው የምወስነው ግን እኔ መሆን ነበረብኝ።

በ2025 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፣ ያለ ፈቃድ የተለጠፈ እርቃን ፎቶ ማመልከቻ በደረሳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ማኅበራዊ ገጾች እንዲያነሱ የሚያስገድድ። እሱ ግን ላልፈቀደች ነው። አንቺ በጣትሽ ከፈረምሽ ፈቅደሻል። ስለዚህ ለቅናሽ ብለሽ አትፈርሚ። "አልፈቅድም" የሚል ምርጫ ከሌለ ራስሽ ጻፊበት። ጨዋ ስቱዲዮ በዚህ አይቀየምም።

2. ሜካፕና ቆዳ።

ጠይም ነኝ። ያቺ ልጅ የያዘችው ፋውንዴሽን ለኔ የሚሆን አልነበረውም። ሁለቱን ቀላቅላ ቀባችኝ፣ ፊቴ አመድ መሰለ፣ አንገቴ ሌላ ሰው ሆነ። ሽንት ቤት ገብቼ በሶፍት ጠራርጌ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረችውን የራሴን ቀባሁ። አንቺም ያንቺን ይዘሽ ሂጂ። "ሁሉም ዓይነት አለን" ቢሉሽም ይዘሽ ሂጂ።

ዋክስ የምታደርጊ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ይሁን፣ በዋዜማው ካደረግሽ ቆዳሽ ይቆጣል። ክርንሽን፣ ጉልበትሽን፣ ተረከዝሽን ቅባት አትንፈጊያቸው፣ ካሜራው ይደርስባቸዋል። ስትሄጂ ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ካልሲና ጠባብ የጡት መያዣ አታድርጊ። እኔ በጂንስ ሄጄ ወገቤ ላይ ያወጣው ሰምበር እስኪጠፋ ከመነሻ ሰዓቴ ላይ አርባ ደቂቃ ሄደ። ሹሩባ ከተሠራሽም አዲስ ሆኖ ግንባርሽን ወጥሮ ሳይይዝሽ፣ ትንሽ ላላ ሲል ነው የሚያምረው።

ኤዲቱን ደግሞ በግልጽ ንገሪያቸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ባለቤቴ አልበሙን የሰርጋችን ማታ ከፈተው። ዝም ብሎ አገላበጠና "ቆንጆ ነው፣ ግን ለምን አቀሉሽ?" አለኝ። 2,400 ዶላር ከፍዬ የተሰጠኝ ሰው እኔ አልነበርኩም። "ቀለሜን እንዳትነኩ፣ ቆዳዬን እንደ ፕላስቲክ እንዳታለሰልሱ" ብለሽ ጻፊ። ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ እንደኔና እንዳንቺ ጠይም የሆኑ ሴቶችን አንስተው እንደሆነ ገጻቸው ላይ እዪ።

3. ክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚኖር ጠይቂ። አንሺዋ ሴት ናት ብዬ ነው የሄድኩት። ሴት ናት፣ ግን መሀል ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቀውን ሰሌዳ የሚይዝ አንድ ልጅ ገባ። ማንም አልነገረኝም። እኔም ደንግጬ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ፎቶዎች ላይ ትከሻዬ ተሰብስቧል፣ ዛሬም ስገልጠው የትኛው ላይ እንደገባ አውቀዋለሁ።

4. ለራስሽ ብለሽ ተነሺ።

ይሄን የምልሽ ከሁለተኛው የተነሳ ነው። ልጄ ስምንት ወሯ ነበር። በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፣ መስታወት ፊት መቆም ትቼ ነበር። ባልቲሞር እቤቷ ውስጥ የምታነሳ አንዲት ሴት አገኘሁ። ውሉ ሁለት ገጽ ነው፣ ሳምንት ቀደም ብላ ላከችልኝ። 650 ዶላር፣ ሃያ አምስት ፎቶ በዲጂታል፣ አለቀ። ማስታወቂያ የሚለው ጋ "አልፈቅድም" የሚል ሳጥን ነበረው፣ ደስ ብሎኝ ምልክት አደረግኩበት። ስደርስ ሻይ አፈላችልኝ፣ ማሞቂያውን ከፈተች፣ "ከኔና ከድመቴ ሌላ ማንም የለም" አለችኝ። ከዚያ ጠባሳዬን አየችና "ላጥፋው ወይስ ልተወው?" ብላ ጠየቀችኝ። ልጄ የወጣችበት ነው፣ ተዪው አልኳት።

ዳንቴሉን ሁለት ፎቶ ተነሳሁበትና አወለቅኩት። ነጠላ ይዤ ሄጄ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምሄድበትን አይደለም፣ እሱን እንዲህ ላለ ነገር ማውጣት አይሆንልኝም። እናቴ ከሽሮ ሜዳ ገዝታ ያመጣችልኝ ሌላ፣ ወይን ጠጅ ጥበብ ያለው። ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው መስኮቱ ጋ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። የጠዋት ብርሃን በስሱ ክር አልፎ የክንዴ ቅርጽ ከውስጥ ይታያል፣ ጥበቡ ወገቤ ላይ ወርዷል። ከሃያ አምስቱ ፎቶ ሁሉ እሷን ነው የምወዳት። ሌንጀሪ (የሚያምር የውስጥ ልብስ) ለመግዛት 200 ዶላር ከማውጣትሽ በፊት ቁምሳጥንሽን ፈትሺ።

ዲጂታሉን ስትቀበዪ ደግሞ ስልክሽ ላይ ከማውረድሽ በፊት ፎቶ የሚቀመጥበት አካውንት ከማን ጋር እንደተያያዘ እዪ። የኛ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ዝም ሲል ከስልኬ ፎቶ እየወሰደ ያሳያል። አማቴ እኛ ጋ ሰንብተው ነበር። በሰዓቱ ትዝ ብሎኝ አጠፋሁት እንጂ እሳቸው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። አሁን ትንሽ ፍላሽ ላይ አድርጌ ከፓስፖርቶቻችን ጋር ነው የማስቀምጠው።

ጊዜው ደግሞ ብዙ አይደለም። ጥር ሩቅ አይምሰልሽ። ተነስተሽ፣ መርጠሽ፣ ኤዲት ተደርጎ፣ አልበሙ ታትሞ እስኪመጣ የኔ ሰባት ሳምንት ፈጅቷል። በዓል መሀል ከገባ ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ካልተነሳሽ አልበሙን ተዪውና አንድ ፎቶ በፍሬም አድርገሽ ስጪው።

ያገኘሽው ስቱዲዮ ውል ልኮልሽ ከሆነ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ልጄ ትተኛለች፣ መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን። እስከዚያ ምንም አትክፈዪ።