ጋንዲ ለቢሃር ምን አተረፉላት?

«ጋንዲ በህንዷ የቢሃር ክልል ውስጥ የቆዩት ለጥቂት ወራት ነው፤ ታዲያ ምን ለወጡ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ነገሩ የሚጀምረው ከጨርቅ ማቅለሚያ ነው። ቻምፓራን የተባለው የቢሃር አውራጃ ገበሬ ከመሬቱ ከ20 እጅ 3ቱን እጅ ለእንግሊዝ ባለእርሻዎች ኢንዲጎ የተባለውን የማቅለሚያ ተክል የመዝራት ግዴታ ነበረበት። ራጅኩማር ሹክላ የሚባል ገበሬ ጋንዲን እግር በእግር እየተከተለ ለመናቸው። እሺ እስኪሉት አልለቀቃቸውም። በ1917 (እ.ኤ.አ.) ሄዱ። ባለሥልጣናቱ «ከዚህ ውጡ» ሲሏቸው አልወጣም አሉ፤ ፍርድ ቤት ቀርበውም ትእዛዙን መጣሳቸውን ሳይሸሽጉ አመኑ። ዳኛው ግራ ገባው፣ ክሱም ተነሳ። በ1918 ያ ግዴታ በሕግ ቀረ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የወጥ ቤቱ ነገር ነው። ጋንዲን ለመርዳት የመጡት ጠበቆች በካስት (ሰው በትውልዱ በሚመደብበት የህንድ ሥርዓት) ልማድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አብሳይና አሽከር ይዘው ነበር። ማዕዳቸውም ለየብቻ። ጋንዲ ሲያሾፉባቸው ሰንብተው አሽከሮቹን አሰናበቱና ሁሉንም ከአንድ ድስት አበሏቸው። ከነዚያ ጠበቆች አንዱ ራጄንድራ ፕራሳድ ነበሩ፤ በኋላ የህንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት።

ካስት ጠፋ ማለቴ እንዳይመስልህ። ዛሬም የቢሃር ፖለቲከኛ ድምፅ የሚቆጥረው በካስት ነው። ሰላማዊ ተቃውሞው ግን ሥር ሰዷል፤ በ1974 የቢሃር ተማሪዎች በሙስናና በኑሮ ውድነት ተማርረው ሲነሱ፣ መሪያቸው የጋንዲ ተከታይ የነበሩት ጃያፕራካሽ ናራያን ነበሩ። በ2016 ደግሞ ክልሉ መጠጥ ከለከለ፣ ልክ ጋንዲ ይመኙት እንደነበረው። በድብቅ መሸጡ ግን አልቀረም።