ወደ አዲስ ቤዝ ስትዛወሩ ስለ ቤት አበል የጠየቃችሁኝ

በአሜሪካ ጦር 12 ዓመት አገልግያለሁ፤ አራት ጊዜ ተዛውሬያለሁ። ሁሌም ከሥራው ይልቅ ቤት ፍለጋው ነበር የሚያስጨንቀኝ። ስለ ቤት አበሉ፣ ሁላችንም ቢኤኤች ስለምንለው፣ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብያችሁ ነበር። ብዙ ልካችኋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጋሼ፣ ከፎርት ሁድ ወደ ፎርት ሚድ ኦርደር (የዝውውር ትእዛዝ) ወጥቶልኛል። ቢኤኤች የሚታሰበው በምከራይበት ሰፈር ነው ወይስ በቤዙ?

በምትሠራበት ቦታ ዚፕ ኮድ ነው። ከዚያ ሌላ ማዕረግህና ዲፔንደንት (እንደ ሚስትና ልጅ ያለ የምታስተዳድረው ሰው) ያለህ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ልጅህ አንድም ይሁን አምስት ገንዘቡ ያው ነው። ኦደንተን ተከራየህ፣ ሎረል ተከራየህ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራየህ አበልህ አይለወጥም።

አንድ ነገር ልብ በል። የሜሪላንዱ ሒሳብ የሚጀምርልህ ፎርት ሚድ ሪፖርት ካደረግክበት ቀን ነው። እስከዚያ የቴክሳሱ፣ የፎርት ሁዱ፣ ይቀጥላል። አከራይ ግን የመጀመሪያውን ወርና ዲፖዚቱን (መያዣውን) በሜሪላንድ ዋጋ ነው የሚጠይቅህ። ይህን ክፍተት የሚሞላ ገንዘብ ከወዲሁ ያዝ። ለዝውውር የሚሰጠውን ዲኤልኤ የተባለ ክፍያም ፋይናንስ ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። የቢኤኤች ቅድሚያም ሊሰጡህ ይችላሉ፤ ግን እሱ ከደሞዝህ የሚቆረጥ ብድር ነው።

ከኪራዩ የተረፈውን እመልሳለሁ?

አትመልሺም፣ እህቴ። ታክስም የለበትም። ግን አበሉ ለኪራይ ብቻ አይደለም፤ መብራት፣ ማሞቂያና ውሃም ውስጡ አሉ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የተሠራው ከአማካይ ወጪው 95 በመቶውን እንዲሸፍን ነው፤ ቀሪው ከኪስሽ ነው። አበልሽ 2,600 ዶላር ነው እንበል። 2,600 ዶላር የሚከራይ ቤት ከያዝሽ ገና ከመጀመሪያው ወር ጎድለሻል። እኔ ብሆን ከ2,200 በላይ አልወጣም። የተረፈችውን እቁብ ውስጥ አስገቢያት። የመጀመሪያ መኪናዬን ያለ ብድር የገዛሁት እንደዚያ ነው።

በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ተመኑ ይለወጣል። ቢቀንስ አትደንግጪ፤ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ማዕረግና በዚያው የቤተሰብ ሁኔታ እስካለሽ ድረስ የድሮው ይጠበቅልሻል።

ፎርት ካርሰን ነኝ። ባለቤቴ አውሮራ ካልሆነ አልኖርም አለች። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ወዳጅ ዘመዱም እዚያ ነው።

ከአውሮራ እስከ ቤዙ 70 ማይል ገደማ ነው። ጠዋት 6:30 ለፒቲ፣ ለጠዋቱ ስፖርት፣ ለመሰለፍ ሌሊት ከአልጋህ መነሳትህ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ሞኑመንት ሂል ላይ በረዶ አለ። አበልህም የሚሰላው በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ዋጋ ስለሆነ የአውሮራ ኪራይ ይከብድሃል።

እኔም ይህን ሞክሬዋለሁ። ሉዊስ ማኮርድ ቤዝ እየሠራሁ ሲያትል ተከራየሁ፣ ከሀበሻው ላለመራቅ ብዬ። በአይ-5 አውራ ጎዳና ላይ ስምንት ወር ተሰቃየሁ። ልጄን ነቅታ የማያት እሁድ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሊዙ (የኪራይ ውሉ) እስኪያልቅ ጠብቄ ሌክዉድ ገባሁ።

ግን ወንድሜ፣ የባለቤትህን ጥያቄ ቀላል አታድርገው። አንተ ፊልድ (ለልምምድ ሜዳ) ስትወጣ ብቻዋን የምትቀረው እሷ ናት። ከስፕሪንግስ ሰሜን በኩል ፈልጉ። አይ-25 ቅርብ ነው፤ እሷ አውሮራ ደርሳ ለመመለስ ይቀላታል፣ አንተም ቤዙ አይርቅህም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ቀን ማለዳ ከዚያ ቤት በር ተነስተህ እስከ ቤዙ ንዳ።

አንድ የአገሬ ልጅ ቤዝመንቱን በቃል አከራየኝ። ኦርደር ቢመጣብኝስ?

እባክህ ዛሬውኑ ወረቀት አጻፍ። አለማመን አይደለም፤ ሁለታችሁንም ይጠብቃል።

ኤስሲአርኤ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። የዝውውር ኦርደር ሲመጣብህ፣ ወይም 90 ቀንና ከዚያ በላይ ዲፕሎይ ስትደረግ (ለግዳጅ ስትላክ)፣ ሊዝህን ያለ ቅጣት ማቋረጥ ትችላለህ። የጽሑፍ ማስታወቂያና የኦርደሩን ኮፒ ለአከራዩ ትሰጣለህ። ሊዙ የሚያበቃው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን 30 ቀን በኋላ ነው። ማርች 10 ብታስታውቅና ኪራይህ ኤፕሪል 1 ቢሆን፣ ሜይ 1 ነጻ ነህ። የሰጠህበትን ማስረጃ ያዝ። በቃል ከተስማማችሁ ግን ምን ያህል ዲፖዚት እንደከፈልክ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተከራየህ በምን ታሳያለህ?

አንዳንድ አከራይ ከሊዙ ጋር ለብቻው አንድ ገጽ ጨምሮ ይህን መብትህን እንድትተው ያስፈርማል። እሱን አትፈርም። ቤዝ ላይ ያለው የሕግ ድጋፍ ቢሮ ሊዝህን በነጻ ያነብልሃል፤ ሃውዚንግ ኦፊስም ያያል። እኔ ሁለተኛው ዝውውሬ ላይ ቸኩዬ ሳላስነብብ ፈረምኩ፣ ቤቱንም ፎቶ ሳላነሳ ገባሁ። ስወጣ ከእኔ በፊት የነበረ የወለል ጉዳት በእኔ ተቆጠረና ዲፖዚቴ በሙሉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሣጥን ሳላወርድ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ቪዲዮ እቀርጻለሁ።

ባለቤቴ ገና ኢትዮጵያ ናት፤ ፕሮሰሷ አላለቀም። እናትና አባቴንም የምረዳው እኔ ነኝ።

ሚስትህ አሜሪካ እስክትገባ መጠበቅ የለብህም። የጋብቻ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ አስተርጉመህ ዲርስ በሚባለው የጦሩ የቤተሰብ መዝገብ ላይ አስመዝግባት። ወላጆችህን በተመለከተ፣ ከወጪያቸው ከግማሽ በላይ የምትሸፍነው አንተ መሆንህን ማሳየት ይጠበቅብሃል። የላክበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጥ። ሚስትህ ከተመዘገበች ግን ወላጆችህ ቢጨመሩም ቢኤኤችህ ከፍ አይልም።

ለአበሉ ብሎ በወረቀት ብቻ ማግባትን የጠየቃችሁኝም ነበራችሁ። ወንጀል ነው። ሥራም፣ የመኖሪያ ወረቀትም፣ ነጻነትም ያሳጣል። በፍጹም አትሞክሩት።

ማዕረጌ ኢ-4 ነው፣ አላገባሁም። አርሚ ነኝ። ውጭ መከራየት እችላለሁ?

በመደበኛው ባራክስ (ቤዝ ላይ ባለው የወታደር ማደሪያ) ነው የምትኖረው። ባራክስ ሞልቶ በጽሑፍ ካልፈቀዱልህ በቀር ቢኤኤች አታገኝም። ፈቃዱ እጅህ ሳይገባ ሊዝ አትፈርም።

በቪኤ ሎን (ለወታደርና ለቀድሞ ወታደር በሚሰጠው የቤት ብድር) ቤት ብገዛስ?

አክቲቭ ዱቲ (የሙሉ ጊዜ አገልግሎት) ላይ ሆነሽ 90 ተከታታይ ቀን ካገለገልሽ ማመልከት ትችያለሽ። ቅድመ ክፍያ የለም፤ ወርሃዊ የሞርጌጅ ኢንሹራንስም የለም። ባንኩ ቢኤኤችሽን እንደ ገቢ ይቆጥርልሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቅድመ ክፍያ ስትገዢ ግን ፈንዲንግ ፊ የሚባል ከብድሩ 2.15 በመቶ የሆነ ክፍያ አለ። በ400,000 ዶላር ብድር ላይ 8,600 ዶላር መሆኑ ነው። ከቪኤ (ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የአካል ጉዳት ካሳ የሚያገኝ አይከፍልም።

ቤቱ ውስጥ ራስሽ መግባት አለብሽ። እስከ አራት ቤት ያለው ሕንፃ ገዝተሽ በአንዱ መኖር፣ ሌላውን ማከራየትም ይቻላል። ሦስት ዓመት እንኳ የማትቆዪ ከሆነ ግን እኔ ተከራዪ ነው የምልሽ። የመግዣና የመሸጫ ወጪው የከፈልሽውን ይበላዋል።

ልጄ ወደ ፎርት ቤልቮር ተዛውሮ ፊልድ ላይ ነው፤ ስልክ አያነሳም። በኢንተርኔት ላገኘው ቤት ዲፖዚቱን በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላኪልኝ ብሎኝ ነው የሄደው። አከራዩ ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ ይላል።

እናቴ፣ እባክዎ አይላኩ። ቤት የማያሳይ፣ ቁልፍ በፖስታ እልካለሁ የሚል፣ በዜል ቶሎ ላኩ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት አይደለም። የሌላውን ቤት ፎቶ ወስዶ የለጠፈ ነው። በዜል የሄደ ገንዘብ ደግሞ ለመመለስ በጣም ያስቸግራል።

የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በካውንቲው የንብረት መዝገብ በነጻ ይታያል፤ አድራሻውን ብቻ ማስገባት ነው። ልጅዎ አዲስ ገቢ ስለሆነ ክፍሉ ስፖንሰር የሚሉት አንድ ወታደር መድቦለት ይሆናል። እሱ ሄዶ በሩን ያንኳኳ። ዛሬ አከራዩን «ነገ ቤቱን የሚያይ ሰው እልካለሁ፣ ማን ይከፍትለታል?» ብለው ይጠይቁት። ምክንያት ከደረደረ ገንዘቡ እርስዎ ጋ ይቆይ። ልጅዎ ከፊልድ እስኪወጣ ቤዙ ሎጅ ውስጥ ቢያድር ይሻላል።