«ማን ይወስናል?» የሚለው ጥያቄ ከልጄ ቁመት ጋር ምን አገናኘው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጆች። የምኖረው በደቡብ ወሎ፣ ኩታበር ወረዳ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች ቤታችን መጥተው የሁለት ዓመት ልጄን ቁመትና ክብደት ከለኩ በኋላ፣ እንቁላሉን ማን እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ ትናንትም ከንጋት እስከ ማታ ምን ስሠራ እንደዋልሁ ጠየቁኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ስለ ነበር ለአብዛኛው «ተመካክረን ነው» ብዬ መለስሁ። ይህ ሁሉ ከልጄ ቁመት ጋር ምን ያገናኘዋል? መልሴስ ስሕተት ይሆን?
አንዲት እናት፣ ከኩታበር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መልስዎ ስሕተት አይደለም። ጉድለቱ ባለቤትዎ ባሉበት መጠየቅዎ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለብቻ፣ ማንም በማይሰማበት ቦታ ሊቀርብልዎ ይገባ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲመጡ «ብቻዬን ልመልስ» ማለት መብትዎ ነው።

ናይላ ካቢር የተባሉት ምሁር የሴቶችን አቅም ስለ መለካት እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ጽሑፍ ሀብትን፣ የመወሰን አቅምንና ውጤትን ለይተው አስቀምጠዋል። ይህ ልዩነት በእኛ አካባቢ በቀላሉ ይታያል፤ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር ላይ የሚስትም የባልም ስም ይሰፍራል፤ ሆኖም ስሟ በደብተሩ ላይ ያለ ሴት ሁሉ ምን እንደሚዘራ ወይም መሬቱ ለእኩል ይሰጥ እንደ ሆነ ትወስናለች ማለት አይደለም። «ተመካክረን» የሚለው መልስም ይህንን ሊሸፍን ስለሚችል፣ እኔ ብሆን «ሳትስማሙ ስትቀሩ የማን ሐሳብ ይጸናል?» ብዬ እጨምር ነበር።

የዋልሁበትን ሥራ ለምን ጠየቁኝ ላሉት፣ በእኔ እምነት ከሁሉ የሚከብደው ይህ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው በግብርና የሴቶችን አቅም የሚለካው መመዘኛ፣ ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ከ10 ሰዓት ተኩል በላይ የሠራችን ሴት በሥራ ጫና ረገድ አቅም እንዳነሳት ይቆጥራል። የቤቱም ሥራ የእርሻውም ሥራ በዚህ ውስጥ ይገባል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ጋግራና አርማ የምትመሽ እናት፣ ልጇን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ቀስ ብላ የምታበላበት ጊዜ ከየት ታገኛለች? ዶሮ ሰጥተው ሥራ የሚጨምሩባት ፕሮጀክቶችም ይህንን አስቀድመው ማሰብ አለባቸው።

የእንቁላሉ ጥያቄ ደግሞ ወደ ማዕድዎ ይወስደናል። የሴቶችን አመጋገብ ለመለካት ምግብ በ10 ምድብ ይከፈላል፤ ቢያንስ 5ቱን በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ የበላች ሴት የተሻለ የተሰባጠረ ምግብ እንዳገኘች ይገመታል። እንጀራ በሽሮ ሁለት ምድብ ነው፤ ጎመን ሲጨመር ሦስት፣ እንቁላል ሲጨመር አራት፣ ወተት ሲጨመር አምስት ይሆናል። በርበሬው ለማጣፈጫ ስለሚገባ አይቆጠርም። እንቁላሉ ሁሉ ገበያ ወጥቶ ጨውና ሳሙና ከተገዛበት፣ የጎደለው ምድብ ከቤቱ ውሳኔ ጋር መያያዙ ግልጽ ነው። መወሰን ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚወሰንበት ነገር በቤት ውስጥ ከሌለ ሥልጣኑ ልጅን አያጠግብም።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውና ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ከዕድሜ አንጻር ማጠርን፣ ለማስቀረት ያለመው ቃል ኪዳን በዋግዋ ከተማ በሰቆጣ ስም መጠራቱን ሰምተው ይሆናል። የልጅዎ ልኬት ከዕድሜው አንጻር ምን እንደሚያሳይ በዕለቱ ካልነገሩዎት፣ ወደ ጤና ኬላ ወስደው ያስለኩትና ውጤቱን ይጠይቁ።